ወንበር ያልነበረው መምህር
ስለ ኤርንስት ክላድኒና ስለ ሰማይ ድንጋዮች

«ድንጋይ ከሰማይ ይወድቃል» ብሎ ዛሬ በክፍል ውስጥ የሚናገር ተማሪ ማንንም አያስደንቅም። የሰማይ ድንጋይ፣ በሳይንስ ስሙ ሜቲዮራይት፣ በየሙዚየሙ በመስተዋት ሣጥን ተቀምጦ ይታያል፤ ከምን እንደተሠራ፣ ዕድሜው ስንት እንደሆነ በላቦራቶሪ ተለክቶ የታወቀ ነው። ከ230 ዓመት ገደማ በፊት ግን ይህንኑ ቃል በአውሮፓ ሊቃውንት ፊት የተናገረ ሰው ቢያንስ ይሳቅበት ነበር፤ ሲብስም «አላዋቂ» ተብሎ ይታለፍ ነበር። ድንጋይ ሲወድቅ በዓይናቸው ያዩት ሰዎች እኮ ጥቂት አልነበሩም። አራሾች አይተዋል፤ አጫጆች አይተዋል፤ የመንደር ቄሶችና ዳኞች አይተዋል። አንዳንዶቹም ድንጋዩን ገና ሳይበርድ አግኝተውታል። ያላዩት ሊቃውንቱ ነበሩ፤ ፍርዱ ግን የሊቃውንቱ ነበር።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ያንን ፍርድ ይግባኝ ብሎ ያስለወጠውን ሰው ነው። ስሙ ኤርንስት ፍሎሬንስ ፍሪድሪክ ክላድኒ ይባላል። የፊዚክስ ተማሪዎች በድምፅ ምዕራፍ ላይ «የክላድኒ ሥዕሎች» ሲባል ሳይሰሙ አይቀሩም። ስለ ሰማይ ድንጋዮች የደከመውን ድካም ግን ብዙዎቻችን አናውቀውም። እኛ ታሪኩን ለዚህ መጽሔት የመረጥንበት ምክንያት አለን። ይህ ሰው የተመረቀው በሕግ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የዩኒቨርሲቲ ወንበር አላገኘም። እንጀራውንም የሚበላው ሳይንስን ይዞ ከከተማ ከተማ እየዞረ ለሕዝብ በማሳየት ነበር። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው፣ ታላላቅ አካዳሚዎች የሳቱትን እንዴት ሊያገኝ ቻለ? ጥያቄያችን ይኸው ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ክላድኒ በ1756 በጀርመን አገር በቪተንበርግ ከተማ ተወለደ። ቪተንበርግ ከማርቲን ሉተር ስም ጋር ተያይዛ የምትታወቅ ጥንታዊ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ነች። አባቱ የሕግ ፕሮፌሰር ነበሩ፤ እጅግ ጥብቅ ሰው። ልጁ ሙዚቃና የተፈጥሮ ምርምር ይወድ ነበር፤ አባት ግን «ሕግ ትማራለህ» አሉ፤ በቃ፣ አለቀ። ይህ ለአንዳንዶቻችን እንግዳ ነገር አይመስለንም። ልጅየው እንደታዘዘው በቪተንበርግና በላይፕዚግ ሕግ ተምሮ በ1782 ተመረቀ። በዚያው ዓመት አባቱ ሞቱ። እርሱም የሕጉን ሙያ ወደ ጎን ትቶ ፊቱን ወደሚወደው ነገር፣ ወደ ድምፅ ምርምር መለሰ። ነፃነቱን አገኘ፤ ደመወዝ ግን አልነበረውም። የሕጉ ትምህርት ከንቱ ልፋት የመሰለው ያኔ ይሆናል። እንዳልነበረ ግን ወደፊት እናያለን።

በ1787 ክላድኒ ስለ ድምፅ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። የመጽሐፉ ዋና ሙከራ ቀላልና ማንም አይቶ የሚገባው ነው። አንድ ስስ የነሐስ ወይም የመስተዋት ዝርግ ይወሰድና መሐሉ ይያዛል፤ በላዩ ደቃቅ አሸዋ ይነሰነሳል። ከዚያም የዝርጉን ጠርዝ በቫዮሊን ደጋን፣ ልክ ማሲንቆ መቺ ደጋኑን እንደሚስበው፣ ይስቡታል። ዝርጉ ይጮኻል። አሸዋው መዝለል ይጀምራል፤ የሚንቀጠቀጠውን ቦታ እየሸሸ በማይንቀጠቀጠው መስመር ላይ ይሰበሰባል። በዓይናችን ፊት ኮከብ፣ መስቀል፣ የቀሚስ ጥልፍ የመሰለ ቅርጽ ይወጣል። ድምፁ ሲቀጥን ቅርጹ ይለወጣል፤ ሲወፍርም እንደዚሁ። እስከዚያን ጊዜ በጆሮ ብቻ ይታወቅ የነበረው ድምፅ በዓይን ታየ ማለት ነው።

ክላድኒ ይህን ሙከራና ራሱ የፈለሰፋቸውን የሙዚቃ መሣሪያዎች በሠረገላ ጭኖ መዞር ጀመረ። በአንድ ከተማ አዳራሽ ይከራያል፤ ሰው ከፍሎ ይገባል፤ እርሱም ይጫወታል፣ ያስረዳል፣ አሸዋውን ያስጨፍራል። በኛ አገር አነጋገር ሊቅ «ወንበር ዘርግቶ» ያስተምራል እንላለን። ክላድኒ ግን ወንበሩን በሠረገላ ተሸክሞ የዞረ ሊቅ ነው። ይህ ኑሮ ድካም አለበት፤ አንድ ነገር ግን ሰጠው። በየደረሰበት ከተማ ከምሁራን ጋር ይገናኛል፤ በየደረሰበትም ቤተ መጻሕፍት ይገባል። የሰማይ ድንጋዮች ታሪክ የጀመረው በእንዲህ ያለ ጉዞ ላይ ነው።

ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን የዘመኑን ሊቃውንት አቋም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1768 በፈረንሳይ አገር ሉሴ በተባለ ቦታ በመከር ሥራ ላይ የነበሩ ገበሬዎች ነጎድጓድ የመሰለ ድምፅ ሰሙ፤ ቀና ሲሉ አንድ ድንጋይ ሲወርድ አዩ። ሮጠው ሲደርሱ ድንጋዩ ግማሹ መሬት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እጅ አያስነካም፣ ይፋጃል። ጉዳዩ ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ። ከመረመሩት ሦስት ሰዎች አንዱ ላቭዋዝዬ ነበር፤ በኋላ የዘመናዊ ኬሚስትሪ አባት የተባለው ማለት ነው። ውሳኔያቸው ምን ሆነ? ድንጋዩ ተራ የምድር ድንጋይ ነው፤ ምናልባት መብረቅ መትቶት ይሆናል። ከሰማይስ አልወረደም። በ1790 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በባርቦታን አካባቢ የድንጋይ ውርጅብኝ ወረደ። የአንድ መንደር ሹም ከ300 በላይ ሰው የመሰከረበትን ቃል በጽሑፍ አድርጎ ላከ። ቤርቶሎን የተባለ የፊዚክስ መምህር መልሱ ሐዘን ነበር፤ አንድ የመንደር አስተዳደር እንዲህ ያለ የተራ ሕዝብ ተረት በፊርማ አጽድቆ መላኩ ያሳዝናል አለ።

በኦስትሪያም እንደዚሁ ነው። በ1751 ከዛግሬብ ከተማ አጠገብ ኽራሺና በምትባል መንደር ሁለት የብረት ቁራጮች ከሰማይ ወድቀዋል፤ ትልቁ 39 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የአካባቢው ጳጳስ ጽሕፈት ቤት ሰባት ምስክሮችን በመሐላ ቃላቸውን ተቀብሎ መዝግቧል። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ በቪየና የማዕድን ክምችት የሚሠራው ሽቱትስ ይህን መዝገብ አነበበ። በ1751 የተማረ ሰው እንኳ ይህን ቢያምን በጊዜው የነበረው የተፈጥሮ ዕውቀት ዝቅተኛ ስለሆነ ይታለፍለታል፤ በኛ ዘመን ግን ይቅር የማይባል ነገር ነው ብሎ ጻፈ። እንግዲህ ብረቱ ቪየና አለ፤ መዝገቡም አለ፤ ሰባቱም ምሥክሮች ምለዋል። ነገር ግን «ሊሆን አይችልም» ከተባለ ሁሉም ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ሚዛን መያዝ አለብን። እነዚህ ሊቃውንት ሰነፎች አልነበሩም፤ ለክህደታቸውም ምክንያት ነበራቸው። አንደኛ፣ ኒውተን ባስተማረው መሠረት ፕላኔቶች ያለ አንዳች መሰናክል የሚዞሩበት ጠፈር ባዶ መሆን አለበት ተብሎ ይታመን ነበር፤ ባዶ ከሆነ ድንጋዩ ከየት ይመጣል? ሁለተኛ፣ የዘመኑ ምሁራን ትልቅ ትግል የነበረው ከአጉል እምነት ጋር ነው። ለብዙ መቶ ዓመታት ከሰማይ ደም ዘነበ፣ እንቁራሪት ዘነበ፣ ቁጣ ወረደ ሲባል ኖሯል፤ የድንጋዩም ወሬ ከዚያ ጋር ተደባልቆ ነበር። እነርሱም አረሙን ሲነቅሉ ስንዴውን አብረው ነቀሉት። ሦስተኛው ምክንያት ግን ብዙ አያስከብራቸውም። ምስክሮቹ ገበሬዎች ስለነበሩ ነው። አንድ መኳንንት ወይም አንድ የአካዳሚ አባል እግር ሥር ድንጋይ ቢወድቅ ኖሮ ክርክሩ ያን ያህል ባልረዘመም ነበር።

ክላድኒ በ1790ዎቹ መጀመሪያ ጎቲንገን ከተማ ሲደርስ ሊክተንበርግ የተባለውን የታወቀ የፊዚክስ ፕሮፌሰር አገኘው። ሊክተንበርግ በ1791 በሰማይ ላይ ትልቅ የእሳት ኳስ ሲበር አይቶ ነበር። ጨዋታቸው ወደዚያ አመራ። የእሳቱ ኳስ ምንድነው? ሊክተንበርግ፣ ምናልባት የአየር ውስጥ ነገር ሳይሆን ከውጭ፣ ከጠፈር የሚመጣ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ጣል አደረገ። ለእርሱ የጨዋታ ሐሳብ ነበር፤ ክላድኒ ግን ይዞት ሄደ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በጎቲንገን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ የቆዩ መዝገቦችን፣ ደብዳቤዎችንና ዜና መዋዕሎችን አገላበጠ። ስለ እሳት ኳስና ስለ ወደቀ ድንጋይ የተጻፈ ነገር ሁሉ ካለበት እየተለቀመ ወጣ።

ያ «ከንቱ» የመሰለው የሕግ ትምህርት ዋጋውን የከፈለው እዚህ ላይ ነው። ሌላው ሊቅ «ገበሬ ምን ያውቃል» ብሎ የሚዘጋውን መዝገብ ክላድኒ እንደ ዳኛ ከፈተው። ምስክሮቹ ይተዋወቃሉ ወይ? በመዋሸታቸው የሚያገኙት ጥቅም አለ ወይ? የሚናገሩት ያዩትን ነው ወይስ የሰሙትን? የአንዱ ቃል ከሌላው ይገጥማል ወይ? በበላ ልበልሃ ሙግት ያደጉ አባቶቻችን ይህን ጥያቄ አሳምረው ያውቁታል። በዚህ ሚዛን ሲመዝናቸው አንድ ነገር ገረመው። የጣልያን መነኩሴ፣ የጀርመን ገበሬና የክሮኤሽያ ነዋሪ፣ በተለያየ ክፍለ ዘመን የኖሩ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ የማያውቅ፣ የሚናገሩት ነገር አንድ ዓይነት ነበር፤ መጀመሪያ ብርሃን፣ ቀጥሎ እንደ መድፍ ያለ ድምፅ፣ ከዚያ ጥቁር ቅርፊት ያለው ትኩስ ድንጋይ። ተመካክረው ዋሹ እንዳይባል መገናኛ መንገድ የላቸውም። እንግዲያው ያዩት አንድ እውነተኛ ነገር ነው።

ክላድኒ ግን ምስክሮቹን በሁሉም ነገር አላመነም፤ ቁም ነገሩም ይህ ነው። ገበሬው «ድንጋይ ወደቀ» ሲል ያየውን ተናገረ፤ «መብረቅ ያመጣው ነው» ወይም «የአምላክ ቁጣ ነው» ሲል ግን ያሰበውን ተናገረ። ክላድኒ ሁለቱን ለያያቸው። ያዩትን ተቀበለ፤ ያሰቡትን ተወ። አካዳሚዎቹ ግን በምክንያቱ ስላልተስማሙ ድርጊቱንም አብረው ካዱ። አንድ ሰው የታመመበትን ምክንያት ተሳስቶ ቢነግረን «እንግዲያውስ አልታመምክም» እንደማለት ነው።

በ1794 ውጤቱ 63 ገጽ ባላት ትንሽ መጽሐፍ ታተመ። መነሻ ያደረገው በሳይቤሪያ ከክራስኖያርስክ ራቅ ብሎ በ1749 የተገኘውን ትልቅ የብረት ግንድ ነው። መጀመሪያ ያገኘው ሜድቬዴቭ የተባለ ቀጥቃጭ ሲሆን፣ ተመራማሪው ፒተር ፓላስ በ1772 አይቶት ለዓለም አሳወቀው፤ ክብደቱ 700 ኪሎ ያህል ነው። የአካባቢው ታታሮች ከሰማይ የወረደ ቅዱስ ነገር ነው ይሉት እንደነበር ፓላስ ራሱ ጽፏል። ብረቱ እንደ ሰፍነግ የተበሳሳ ሆኖ በቀዳዳዎቹ ውስጥ ብርሃን የሚያስተላልፉ ብጫ አረንጓዴ ፍሬዎች አሉት። የክላድኒ ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ይህን የመሰለ ብረት በአካባቢው ከሚገኘው ማዕድን ጋር አይመሳሰልም፤ የሰው ማቅለጫ አልሠራውም፤ እሳተ ገሞራ በቦታው የለም፤ መብረቅም ይህን ያህል ብረት ሊያቀልጥ አይችልም። የእሳት ኳሶችም የሚበሩበት ፍጥነት በምድር አየር ውስጥ ሊፈጠር ከሚችለው ሁሉ ይበልጣል። ስለዚህ የእሳት ኳሱ፣ የወደቀው ድንጋይና ባዕዱ ብረት አንድ ናቸው፤ ሁሉም ከጠፈር የመጡ ናቸው። ከዚያም አልፎ፣ እነዚህ ፕላኔቶች ሲሠሩ ሳይደመሩ የቀሩ ወይም ከፈረሰ ፕላኔት የተበተኑ ቁራጮች ሊሆኑ ይችላሉ አለ።

መጽሐፉ የወጣው ላቭዋዝዬ በአብዮቱ ጊዜ በጊሎቲን አንገቱን በተቆረጠበት ዓመት ነው። አቀባበሉ ግን ቀዝቃዛ ነበር። ሐሳቡን የሰጠው ሊክተንበርግ እንኳ አልተደሰተም። የባዶ ጠፈርን ትምህርት ማፍረስ፣ ያውም የመንደርተኛ ወሬ አስይዞ፣ ለብዙዎች ከድፍረት በላይ ነበር። ደራሲው ደግሞ ወንበር የለው፣ ማዕረግ የለው፤ አሸዋ በሚያስጨፍርበት አዳራሽ የሚታወቅ ሰው ነው። ማን ይስማው?

ሰማዩ ግን ዝም አላለም። መጽሐፉ በወጣበት በ1794 ሰኔ ወር በጣልያን ሲየና ከተማ አጠገብ ድንጋዮች ዘነቡ፤ ይህ ጊዜ ያዩት የከተማ ሰዎችና የውጭ አገር እንግዶች ጭምር ስለነበሩ «ገበሬ ያወራው ነው» ማለት አልተቻለም። አንድ ቀን ያህል ቀደም ብሎ የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ስለነበር ብዙዎች «ከዚያ ተወርውሮ ነው» አሉ፤ ቬሱቪየስ ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። በ1795 ታኅሣሥ በእንግሊዝ አገር ዮርክሻየር ውስጥ 25 ኪሎ የሚመዝን ድንጋይ ከአንድ አራሽ ጥቂት ሜትር ርቆ መሬት ሰንጥቆ ገባ። እሳተ ገሞራ የሌለበት አገር ነው። የመሬቱ ባለቤት ቶፓም ዳኛም ስለነበር የምስክሮቹን ቃል በመሐላ ተቀበለ፤ ድንጋዩን ለንደን ወስዶ በክፍያ ለሕዝብ አሳየ፤ በ1799ም በወደቀበት ቦታ ሐውልት አቆመበት። በ1798 ደግሞ በሕንድ አገር በቤናሬስ አጠገብ ሌላ ውርጅብኝ ወረደ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ላቦራቶሪ ገባ። ኤድዋርድ ሃዋርድ የተባለ እንግሊዛዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ከጣልያን፣ ከእንግሊዝ፣ ከሕንድና ከቦሄሚያ የመጡ አራት ድንጋዮችን መርምሮ በ1802 ውጤቱን አቀረበ። ሺህ ኪሎ ሜትሮች ተራርቀው የወደቁት ድንጋዮች በውስጣቸው ያለው የብረት ፍሬ ሁሉ ኒኬል ተቀላቅሎበታል፤ የሳይቤሪያው ብረትም እንደዚሁ። እርስ በርሳቸው እንደ ወንድማማች ይመሳሰላሉ፤ ከወደቁበት አገር ድንጋይ ጋር ግን ዝምድና የላቸውም። የምስክሩን ቃል ድንጋዩ ራሱ አረጋገጠው ማለት ነው።

የመጨረሻው መዝጊያ የመጣው ክህደቱ በጸናበት በፈረንሳይ ነው። ሚያዝያ 26 ቀን 1803 ከቀትር በኋላ ሌግል በምትባል የኖርማንዲ ከተማ ዙሪያ 3,000 ያህል ድንጋዮች ወረዱ። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሻፕታል፣ ዣን ባቲስት ቢዮ የተባለ የ29 ዓመት ወጣት የፊዚክስ ሊቅ እንዲያጣራ ላኩት። ቢዮ የሠራውን እንመልከት። በቀጥታ ሌግል አልገባም፤ ከሩቅ ጀምሮ መንገደኛውን፣ ባለ ጋሪውን እየጠየቀ ቀስ በቀስ ቀረበ። መንደር ለመንደር በእግሩ ዞረ፤ ቄሱንም፣ ገበሬውንም፣ ሴቱንም ወንዱንም ለየብቻ ጠየቀ። በዚያ አካባቢ ካሉት የማዕድን ጉድጓዶችና ማቅለጫዎች ውስጥ እንዲህ ያለ ድንጋይ አለመኖሩን አረጋገጠ። ድንጋዮቹ የወደቁበትን ቦታ ለክቶ በካርታ ላይ አሰፈረው፤ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሞላላ ሜዳ ሆኖ ተገኘ። ሐምሌ ላይ ሪፖርቱ ሲነበብ ክርክሩ በተግባር አበቃ። የቢዮ ዘዴ ከክላድኒ ዘዴ የተለየ አልነበረም፤ ልዩነቱ ክላድኒ የሞቱ ምስክሮችን በቤተ መጻሕፍት፣ ቢዮ ደግሞ ሕያዋኑን በየደጃፋቸው መጠየቁ ነው። እንግዲህ ክላድኒ ከተሳቀበት እስከ ተረታለት ዘጠኝ ዓመት ብቻ ፈጀ። ብዙ ሊቃውንት ይህን ሳያዩ ነው የሚሞቱት።

ተረታለት እንጂ ወንበር አልተሰጠውም። መዞሩን ቀጠለ። በ1809 ፓሪስ ላይ በናፖሊዮን ፊት ቀርቦ ዝርጎቹን አስጮኸ፤ ናፖሊዮንም የድምፅ ሳይንስ መጽሐፉን በፈረንሳይኛ እንዲያዘጋጅ 6,000 ፍራንክ ሰጠው። የአሸዋውን ቅርጽ በሒሳብ ለሚያስረዳም ሽልማት ተደነገገ። ሽልማቱን በ1816 ያገኘችው ሶፊ ዠርሜን ነች፤ ሴት በመሆኗ በከፍተኛ ትምህርት ቤት መማር ተከልክላ፣ በወንድ ስም እየጻፈች ራሷን ያስተማረች ሒሳብ አዋቂ። ወንበር ያልነበረው ሰው የጠየቀውን፣ ክፍል እንዳትገባ የተከለከለች ሴት መለሰችው።

በኋለኞቹ ዓመታት ክላድኒ ከድምፅ ትርዒቱ ጋር ስለ ሰማይ ድንጋዮችም ለሕዝብ ያስተምር ነበር። ከየአገሩ ያሰባሰባቸውን ድንጋዮች ይዞ ይዞራል፤ ሰው እንዲያያቸው ያደርጋል። በጦርነቱ ምክንያት በ1813 ቪተንበርግ ስትከበብ ከተማውን ለቆ ከምበርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ተቀመጠ። በ1819 ያን ጊዜ የታወቁትን የእሳት ኳሶችና የወደቁ ድንጋዮች ሁሉ የያዘ ትልቅ መጽሐፍ ቪየና ላይ አሳተመ። ሚያዝያ 1827 በብሬስላው ከተማ ለማስተማር በሄደበት፣ በ70 ዓመቱ፣ በጉዞ ላይ እንዳለ ሞተ። አላገባም፤ ልጅ አልነበረውም። ድንጋዮቹን ለበርሊን ዩኒቨርሲቲ አወረሰ፤ በሕይወቱ ወንበር ያላገኘው ሰው ሲሞት ለዩኒቨርሲቲ ሀብት ሰጥቶ ሄደ።

ከእርሱ በኋላ የመጣው ዕውቀት ብዙውን ነገር አጽድቆለታል። ድንጋዮቹ ከየት ይመጣሉ በሚለው ላይ ግን ክርክሩ ለአሥርተ ዓመታት ቀጥሏል፤ ታላቁ ላፕላስ ሳይቀር ከጨረቃ እሳተ ገሞራ የሚወረወሩ ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ ነበር። ዛሬ አብዛኞቹ በማርስና በጁፒተር መካከል ከሚዞሩት ትናንሽ አካላት የተሰበሩ መሆናቸው ታውቋል። ዕድሜያቸው 4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ ፕላኔቶች ሲሠሩ የተረፉ ቁራጮች ናቸው፤ ክላድኒም ያለው ይህንኑ ነው። ጥቂቶቹ ከጨረቃ፣ ጥቂቶቹም ከማርስ ተፈንጥረው የመጡ ናቸው። የማርሱን ያስታወቀው፣ በአንዱ ድንጋይ ውስጥ ተቋጥሮ የቆየው አየር በ1976 ማርስ ላይ ያረፉት የቫይኪንግ መንኮራኩሮች ከለኩት አየር ጋር መግጠሙ ነው። እንደ ሳይቤሪያው ያሉት ብረትና ፍሬ የተቀላቀለባቸው ደግሞ እስከ ዛሬ በፓላስ ስም «ፓላሳይት» ይባላሉ።

የምስክሩ ነገርም አላረጀም። የካቲት 2013 በሩሲያ ቼልያቢንስክ ከተማ ላይ ትልቅ የእሳት ኳስ ሲፈነዳ መስኮቶች ረገፉ፤ ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች በስብርባሪ መስተዋት ቆሰሉ። ሊቃውንቱ ድንጋዩ ከየትኛው ምሕዋር እንደመጣ ያሰሉት በአብዛኛው ተራ ሾፌሮች በመኪናቸው ላይ ከገጠሟቸው ካሜራዎች ነው። በ1768 የአጫጁን ቃል የናቀው ሳይንስ በ2013 የሾፌሩን ካሜራ ፈልጎ ሄደ። ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

ታዲያ ከዚህ ሁሉ ለኛ ለተማሪዎች የሚተርፈን ምንድነው? መጠራጠር ሌላ፣ መናቅ ሌላ መሆኑን መለየት ነው። መጠራጠር የሳይንስ ግዴታ ነው፤ ክላድኒም ተጠራጣሪ ነበር፤ ምስክሮቹን አንድ በአንድ ፈትኗል። የሚጠራጠር ሰው ግን ይጠይቃል፤ የሚንቅ ሰው አይጠይቅም። እኛ ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን አንዳችን የእርሻ ባለሙያ፣ አንዳችን ሐኪም፣ አንዳችን መሐንዲስ እንሆናለን። አንድ ገበሬ «ይህ ምርጥ ዘር በኛ መሬት አይይዝም፣ ሞክሬዋለሁ» ይለን ይሆናል፤ አንዲት እናት «ልጄ ይህን መድኃኒት ሲወስድ ያንቀጠቅጠዋል» ትለን ይሆናል። የሚሰጡት ምክንያት የተሳሳተ ሊሆን ይችላል። ያዩት ነገር ግን አለ። መጽሐፋችን ላይ ስላልተጻፈ ብቻ «የመሃይም ወሬ ነው» ብለን መዝገቡን ከዘጋነው፣ ዲግሪ ያለን መሆናችን ከሉሴው አጫጅ አያሻለንም፤ እርሱ ቢያንስ ድንጋዩን አይቷል።

ሌላም አለ። ክላድኒ ከሕዝብ የወሰደውን ምስክርነት ለሕዝብ መልሶ በዕውቀት መልክ ከፍሏል። አሸዋ፣ ዝርግና ደጋን ይዞ በየአዳራሹ ያስተማረው ሥራ ስላጣ ብቻ አልነበረም፤ ሰው አይቶ ሊረዳ ይችላል ብሎ ስላመነም ነው። እኛ ግን በክፍል የተማርነውን ለገዛ እናታችን በገዛ ቋንቋችን አስረዱ ብንባል ስንቶቻችን እንችል ይሆን? እስቲ እንሞክረው። በክረምት ዕረፍት አገር ቤት ስንገባ፣ ማታ በደጅ ሰማዩ ጥርት ሲል አንድ ኮከብ መወርወሩ አይቀርም። የዚያን ጊዜ ምን እንደሆነ ለቤተሰቡ እንንገር፤ ከመንገራችን በፊት ግን እነርሱ እስከ ዛሬ ምን እንዳዩ እንጠይቃቸው።